ከእቁብ ዳኛ ጋር ዊምብልደንን ማየት፦ የሴቶች ነጠላ ቴኒስ ውድድር እንዴት ነው የሚሠራው?

ሐምሌ 5 ቀን 2017፣ ቅዳሜ፣ ደሴ። የጦሳ ተራራ ጭጋጉን እስከ ወገቡ ተከናንቧል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የለንደኑ የዊምብልደን ቴኒስ ውድድር የሴቶች ነጠላ ፍጻሜ ሊጀምር ነው። ጎረቤታችን እትዬ ጀበናቸውን ይዘው መጥተዋል። ቴኒስ ሊያዩ እንዳይመስላችሁ። የኛ ከሰል ደረቅ ስለሆነ ነው።

ጨዋታው ተጀመረ። ሁለት ሦስት ጌም እንዳየን መብራት ድርግም! ሻማ ተለኮሰ። ቡናው ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ አቦሉ ተጠጣ። መብራቱ ሲመለስ ፖላንዳዊቷ ኢጋ ሽቪዮንቴክ ሽልማቷን አቅፋ ፎቶ ትነሳለች። በነገራችን ላይ የዊምብልደን ሴቶች ዋንጫ ዋንጫ አይደለም፤ ትልቅ የብር ሳህን ነው።

እትዬ ሲኒያቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ምነው አለቀ እንዴ? ቡናው እኮ ገና ቶና ነው!»

አልቋል። 6 ለ 0፣ 6 ለ 0። 57 ደቂቃ ብቻ። አሜሪካዊቷ አማንዳ አኒሲሞቫ አንድም ጌም አላገኘችም። በዊምብልደን የሴቶች ፍጻሜ እንዲህ ያለ ነገር ከ1911 ወዲህ አልታየም ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የውድድር ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እትዬን የቆረቆራቸው ግን ሌላ ነገር ነው። «ቅድም ይቺ 8ኛ ናት፣ ያቺ 13ኛ ናት ብለኸኛል። ታዲያ 1ኛዋና 2ኛዋ የት ሄደው ነው 8ኛና 13ኛ ለፍጻሜ የሚቀርቡት?»

እትዬ የሰፈራችን እቁብ ዳኛ ናቸው። ለብዙ ዓመት ቆርቆሮ ነቅንቀው እጣ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እጣ በተባለ ነገር ላይ እሳቸውን ማታለል አይቻልም። ስለዚህ በደንብ ማስረዳት ነበረብኝ። ያን ምሽት ያልኳቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ከቆጠራው ልጀምርና ልገላገል። የቴኒስ ቁጥር ያስፈራል እንጂ ሦስት እርከን ነው። ነጥብ ተጠራቅሞ ጌም ይሆናል። ጌም ተጠራቅሞ ሰት ይሆናል። ሁለት ሰት ቀድማ ያሸነፈች ጨዋታውን ትወስዳለች። (ቃሉ በትክክል ሲጻፍ «ሴት» ነው። ግን «ሴቶች ሁለት ሴት ካሸነፉ ያልፋሉ» ብዬ ብጽፍ ማን ይረዳኛል? «ሰት» እላለሁ፣ ታገሡኝ።)

ጌም ውስጥ ነጥቡ 15፣ 30፣ 40 እያለ ይሄዳል። ከ40 ቀጥሎ ያለውን ያገኘች ጌሙን ወሰደች። 40 ለ 40 ከሆኑ ግን አንዷ ሁለት ነጥብ በተከታታይ እስክታገኝ ይቀጥላል። ሰቱን ለመውሰድ 6 ጌም ያስፈልጋል፣ ልዩነቱም ቢያንስ 2 መሆን አለበት። 6 ለ 6 እኩል ከሆኑ ታይብሬክ የሚባለው ይመጣል፤ 2 ልዩነት ይዛ 7 ነጥብ የሞላች ታሸንፋለች። በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች (በአውስትራሊያ ኦፕን፣ በፈረንሳይ ኦፕን፣ በዊምብልደንና በአሜሪካ ኦፕን) የመጨረሻው ሰት 6 ለ 6 እኩል ከሆነ ግን ከ2022 ጀምሮ እስከ 10 ነው የሚቆጠረው።

ስለዚህ አኒሲሞቫ ምንም አላገኘችም ማለት ነጥብ አላገኘችም ማለት አይደለም። አግኝታለች። ነጥቦቹ ጌም ለመሆን አልበቁም እንጂ። ሳንቲም እየለቀምክ አንድም ቀን ብር ሳይሞላልህ እንደ መቅረት ነው።

ሴቶች ሁለት ሰት ብቻ የሚበቃቸው፣ ወንዶቹ በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ሦስት ሰት ማሸነፍ ያለባቸው ለምንድነው? «አቅም ነዋ» የሚል ሰው በየቡና ቤቱ አይጠፋም። እኔ አይዋጥልኝም። ከ1984 እስከ 1998 ድረስ የዓመቱ ማጠቃለያ ውድድር የሴቶች ፍጻሜ እንደ ወንዶቹ ሦስት ሰት ላሸነፈ ነበር። ማንም አልሞተም። እዚያው 1984 ላይ ደግሞ አሜሪካ ሪችመንድ ውስጥ ቪኪ ኔልሰንና ጂን ሄፕነር የሚባሉ ሁለት ሴቶች በሁለት ሰት ብቻ 6 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ተጫውተዋል። አንዷን ነጥብ ለመጨረስ ኳሷ 643 ጊዜ ከወዲያ ወዲህ ተመታች። 29 ደቂቃ ለአንድ ነጥብ! በዚያ ሰዓት እትዬ ቡናውን ቆልተው፣ ወቅጠው፣ ጀበናውን ጥደው፣ የጎረቤቱን ወሬም ጨርሰው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

እትዬ ለነገ የሚቆላ ጥሬ ቡና ሰፌድ ላይ እየለቀሙ ነበር። 16 ፍሬ ተበደርኩ። በእውነተኛው ውድድር ተጫዋቾቹ 128 ናቸው፤ ሰፌዱ ግን አይበቃም።

ደንቡ አንድ መስመር ነው። የተሸነፈች ትሄዳለች። ምድብ የለም፣ የመልስ ጨዋታ የለም፣ እኩል መለያየት የለም። 16ቱን ፍሬ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ከላይ እስከ ታች ደረደርኳቸው። ከየጥንዱ አንዷ ስትወጣ 8 ቀሩ። ከዚያ 4፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1። አራት ዙር ማለት ነው። በ128 ሲሆን ሰባት ዙር ይሆናል። ሻምፒዮን መሆን ማለት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባት ሴቶችን በተራ ማሸነፍ ነው።

«ስንት ጨዋታ ነው በጠቅላላው?» አሉ እትዬ። በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

መቁጠር አያስፈልግም። እያንዳንዱ ጨዋታ አንዲት ሴት ያሰናብታል። ከ128 አንዷ እንድትቀር 127ቱ መሰናበት አለባቸው። ስለዚህ 127 ጨዋታ። እትዬ ይቺን ወደዷት። «ልክ ነው፣ እቁብም አባል በቆጠርከው ልክ ነው ዙሩ» አሉ።

እዚህ ድረስ ተስማማን። ቀጥሎ ተጣላን።

ማን ከማን ጋር እንደሚጋጠም የሚወሰነው ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው በሚወጣ እጣ ነው። የሚወጣው ወረቀት ድልድል ይባላል። አንድ ጊዜ ከወጣ በየዙሩ እንደገና እጣ የለም። የዛሬዋን ካሸነፍሽ ቀጥሎ ከማን ጋር እንደምትገናኚ፣ ከዚያም ለሩብ ፍጻሜ ማን ሊገጥምሽ እንደሚችል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወረቀቱ ላይ አለ። ቴኒስ የሚከታተል ሰው ኳስ ከመመታቱ በፊት ድልድሉ ላይ የሚያፈጠው ለዚህ ነው።

ግን እጣው ሙሉ እጣ አይደለም። ከ128ቱ ውስጥ 32ቱ «ሲድ» ናቸው። ሲድ ማለት ዘር ነው። ገበሬ ዘሩን አንድ ቦታ አይከምርም፤ ማሳው ላይ ይበትነዋል። በዓለም ደረጃ ከፍ ያሉትንም እንዲሁ በወረቀቱ ላይ ይበትኗቸዋል፣ በመጀመሪያው ቀን እርስ በርስ እንዳይበላሉ።

ከ16ቱ ፍሬ ውስጥ አራት ደህና ደህናዎቹን መረጥኩ። ትልቋን ከላይ አናት ላይ አስቀመጥኳት። ሁለተኛዋን ከታች ጥግ። ሁለቱ የሚገናኙት ፍጻሜ ላይ ብቻ ነው። 3ኛዋና 4ኛዋ በእጣ አንዷ ወደ ላይኛው፣ አንዷ ወደ ታችኛው ግማሽ ይገባሉ። የቀሩት 12 ፍሬዎች ቆርቆሮ ውስጥ ገብተው ይወጣሉ። በትልቁም ውድድር አሠራሩ ይኸው ነው። 32ቱ ሲዶች እስከ ሦስተኛው ዙር እርስ በርስ አይገናኙም። ከ1 እስከ 8 ያሉት ደግሞ እስከ ሩብ ፍጻሜ አይገናኙም።

እትዬ ፍሬ መልቀማቸውን አቆሙ። «ታዲያ ይሄ እጣ ነው? ለትልልቆቹ ቦታ ተይዞላቸው!»

«እትዬ፣ በኛ እቁብ የመጀመሪያው ዙር ያለ እጣ ለማን ነው የሚሰጠው?»

ሳቁ። ለዳኛዋ ነው የሚሰጠው። «እሱማ የድካሜ ነው!»

የነሱም የድካማቸው ነው። ዓመቱን ሙሉ ተጫውተው ባመጡት ደረጃ ነው ቦታው የተያዘላቸው። ደግሞም ለሲድ የሚሰጣት ቦታ እንጂ ድል አይደለም። የመጀመሪያ ጨዋታዋ ከ33ኛዋ ምርጥ ተጫዋች ጋር ቢወጣባት የሚከላከልላት የለም። በድልድሉ ውስጥ ሲድ ሳትሆን የቀረች ጠንካራ ተጫዋች እንደ ተደበቀ ድንጋይ ናት። ማን እንደሚሰናከልባት እጣው ነው የሚያውቀው።

ለእትዬ ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዊምብልደን 2ኛዋ ሲድ ኮኮ ጋፍ በመጀመሪያው ዙር ወደቀች። 3ኛዋ ጄሲካ ፔጉላም እንዲሁ በመጀመሪያው ዙር። በአንድ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ሁለት ትልልቅ ክፍተት ተፈጠረ። 1ኛዋ አሪና ሳባሌንካ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ ነበር፤ የጣለቻት ያቺው 13ኛዋ አኒሲሞቫ ናት። 8ኛዋ ሽቪዮንቴክ ደግሞ በታችኛው ግማሽ፣ ጋፍ በነበረችበት በኩል ነበረች። ጋፍ ቀድማ ስለወጣች መንገድ ላይ አልተገናኙም። ስለዚህ 8 ከ13 ለፍጻሜ መገናኘታቸው ስህተት አይደለም። ሲድ ማለት «ሁሉም እንደተጠበቀው ቢሆን» የሚል ግምት ነው። ግምት ደግሞ ያው ግምት ነው።

ስለ 1911ዱ 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 አንዲት ነገር ላክል፣ እትዬን በጣም ስላናደደች። በዚያ ዘመን የዊምብልደን ሻምፒዮን በዓመቱ ስትመለስ ከመጀመሪያው ዙር አትጀምርም ነበር። ሌሎቹ ተፋጭተው አንዷ እስክትቀር ድረስ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ከዚያ አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውታ ሳህኗን ታስጠብቃለች። በ1911 ዶሮቲያ ላምበርት ቻምበርስ ዶራ ቡዝቢን እንዲያ ያደረገቻት ያልደከመ እግር ይዛ፣ በዚያች አንድ ጨዋታ ነው። ይህ ደንብ የቀረው በ1922 ነው። «ሠርግ ላይ ሁሉም ከበላ በኋላ መጥታ ጮማውን የምትመርጥ!» ነው ያሉት እትዬ።

ሲድ ያልሆኑት 96ቱስ ከየት ይመጣሉ? በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ላይ ከ128ቱ 104 የሚሆኑት በዓለም ደረጃቸው በቀጥታ ይገባሉ። ከነሱ ውስጥ ናቸው ሲዶቹም። 16ቱ በማጣሪያ ይመጣሉ። 8ቱ ደግሞ አዘጋጁ በግብዣ የሚያስገባቸው ናቸው።

ማጣሪያው ራሱን የቻለ መከራ ነው። ዋናው ውድድር ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት ሌሎች 128 ሴቶች ይፋለማሉ። ሦስት ጊዜ ያሸነፉት 16ቱ ዋናው በር ይከፈትላቸዋል። አብዛኞቹ ደክሟቸው ገብተው አንድ ሁለት ዙር ተጫውተው ይመለሳሉ። ኤማ ራዱካኑ ግን በ2021 የአሜሪካ ኦፕን ላይ 150ኛ ሆና መጣች። 18 ዓመቷ ነበር። ማጣሪያው ሲያልቅ የምትመለስበትን የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጣ ነበር የመጣችው። ሦስቱን የማጣሪያ፣ ሰባቱን የዋናው ውድድር፣ በድምሩ አሥሩን ጨዋታ አሸነፈች። አንድ ሰት እንኳ ሳትሸነፍ! በዘመናዊው ቴኒስ ከማጣሪያ ተነስቶ ታላቅ ውድድር ያሸነፈ ከወንድም ከሴትም ከሷ በፊት አልነበረም።

ግብዣው ብዙ ጊዜ ለአገሬው ወጣቶች ወይም ስም ኖሯቸው ደረጃቸው ለጠፋ ይሰጣል። አድልዎ አለበት? አለበት እንጂ። አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና አውስትራሊያ ውድድሩ ቤታቸው ስለሆነ ልጆቻቸው በየዓመቱ ግብዣ ያገኛሉ። የኢትዮጵያ ልጅ ግን ቤቷ የሚደገስ ድግስ የላትም። ይቺ ለኔ ትቆረቁረኛለች።

ከሁሉ የሚያስቀው አራተኛው በር ነው። በማጣሪያው የመጨረሻ ዙር ተሸንፈሽ ሻንጣ እየሸከፍሽ ሳለ ዋናው ውድድር ውስጥ የነበረች አንዷ ብትታመም በቦታዋ ሊያስገቡሽ ይችላሉ። «እድለኛ ተሸናፊ» ይሏታል። ኮኮ ጋፍ በ2019 በኦስትሪያዋ ሊንዝ ከተማ እንዲህ ሆነች። ማጣሪያው ላይ ተሸንፋ፣ በሰው ቦታ ገብታ፣ ውድድሩን ጨረሰችው። ሻምፒዮን! ዕድሜዋ 15 ነበር። እቁብ ውስጥ የሌላ ሰው እጣ በልቶ እንደ መሄድ ነው። እትዬ «እኛ ጋ ዋስ ይጠራበት ነበር» ብለዋል።

ወደ ደረጃው ልመለስ። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። «ይቺ ልጅ በዚህ ሳምንት ጭራሽ አልተጫወተችም፣ ታዲያ ደረጃዋ እንዴት ወረደ?»

የደረጃ ነጥብ የባንክ ተቀማጭ አይደለም። ዱቤ ነው። ባለሱቁ ደብተር ላይ ይጽፈዋል፤ 52 ሳምንት ሲሞላ ደብተሩን ገልጦ ይቀበልሃል። ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን ያሸነፈች 2000 ነጥብ ይጻፍላታል። ለፍጻሜ ደርሳ የተሸነፈች 1300፣ ግማሽ ፍጻሜ የቀረች 780፣ ሩብ ፍጻሜ የቀረች 430። በመጀመሪያው ዙር የወደቀች 10 ብቻ። ዓመቱ ዞሮ ያው ውድድር ሲመጣ ያ ነጥብ ይሰረዛል። በቦታው የሚገባው የዘንድሮው ውጤት ነው።

ቼካዊቷ ማርኬታ ቮንድሩሾቫ በ2023 ዊምብልደንን አሸነፈች። ሲድ ሳትሆን ያን ሳህን የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ፍጻሜው ላይ የረታቻት የኛን አህጉር ልጅ፣ ቱኒዚያዊቷን ኦንስ ጃቡርን ነው። ያን ቀን ጃቡር ስታለቅስ እኔም አንገቴን ደፍቼ ነበር። በ2024 ቮንድሩሾቫ ሳህኗን ልታስጠብቅ መጣችና በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈች። 2000ው ተነሳ፣ 10 ተጻፈ። በአንድ ከሰዓት 1990 ነጥብ! ለዚህ ነው ጋዜጠኞች «ነጥቧን መከላከል አለባት» የሚሉት። ያለፈው ዓመት ድል የዘንድሮ ዕዳ ነው።

ግልባጩም ሆኖ ያውቃል። በ2022 ዊምብልደን በዩክሬኑ ጦርነት ምክንያት የሩሲያና የቤላሩስ ተጫዋቾችን አላስገባም አለ። የተጫዋቾቹ ማኅበራት በበኩላቸው «እንግዲያው የደረጃ ነጥብ የለም» አሉ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ካዛክስታናዊቷ ኤሌና ሪባኪና ናት። ገንዘቡን ወሰደች፣ ሳህኑን ወሰደች፣ ከደረጃ ነጥብ ግን ዜሮ። 23ኛ ሆና ገብታ 23ኛ ሆና ወጣች። ድግስ ደግሰው ጎረቤት እንዳልመጣላቸው ሰዎች።

«እሺ፣ ዱቤው ዓመት ነው አልክ» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያረገዘችስ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዘጠኝ ወር እርግዝና፣ ከዚያ አራስነት፣ ከዚያ ልምምድ። ዓመቱ ያልፋል። ደብተሩ ባዶ ይሆናል። የዓለም 1ኛ የነበረችው ሴሬና ዊሊያምስ በ2017 ወልዳ በ2018 ስትመለስ ደረጃዋ ከ400 በታች ወርዶ ነበር። የፈረንሳይ ኦፕን ሲድ አላደረጋትም። ዊምብልደን ግን አሰበበትና 25ኛ ሲድ አደረጋት፤ እስከ ፍጻሜ ደረሰች። ብዙ ክርክር ተነሳ። ከ2019 ጀምሮ ደንቡ ተሻሻለ። የወለደች ተጫዋች ከወሊድ በኋላ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ በድሮ ደረጃዋ በ12 ውድድሮች መግባት ትችላለች። ያ ደረጃ ሲድ የሚያሰጣት ከነበረ፣ ሲዱ ባይሰጣትም በመጀመሪያው ዙር ከሲድ ጋር አትገናኝም። ከ2025 ወዲህ ደግሞ እስከ 12 ወር የሚደርስ የወሊድ ክፍያ ተጀምሯል።

ቤልጂየማዊቷ ኪም ክላይስተርስ ከዚህ ሁሉ ደንብ በፊት የመጣች ናት። ጨዋታ አቁማ፣ ወልዳ፣ በ2009 ያለ ደረጃ ተመለሰች። የአሜሪካ ኦፕን በግብዣ አስገባት፤ አሸነፈችው። እኛ ያን ምሽት ባየነው ዊምብልደንም በግማሽ ፍጻሜ ሽቪዮንቴክ የጣለቻት ስዊዘርላንዳዊቷ ቤሊንዳ ቤንቺች ልጇን ከወለደች ገና 15 ወሯ ነበር። እትዬ አራት ወልደው ያሳደጉ ናቸው። «አስራ አምስት ወር!» አሉና ስለ ቤንቺች ብቻ አምስት ደቂቃ አስወሩኝ።

ከዚያ የእቁብ ዳኛ የማይረሳው ነገር መጣ። ገንዘቡ።

በ2025 ዊምብልደን ሻምፒዮኗ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደች። በመጀመሪያው ዙር፣ በመጀመሪያው ቀን ተሸንፋ የሄደችው ደግሞ 66 ሺህ ፓውንድ። «ለተሸነፈችም?» አዎ። ለዚህ ነው ማጣሪያውን ማለፍ፣ ወይም እድለኛ ተሸናፊ ሆኖ መግባት ለብዙዎቹ የዓመቱ ትልቁ ቀን የሚሆነው። አሠልጣኝ፣ ሆቴልና የአውሮፕላን ቲኬት ከኪሳቸው ነው። 66 ሺህ ፓውንድ ዓመቱን ያስጨርሳል።

ወንዱም ሻምፒዮን የሚወስደው ያንኑ ያህል ነው። ይህ ግን እንዲሁ አልመጣም። በ1970 ዘጠኝ ሴቶች ሂዩስተን ላይ የአንድ ዶላር ውል ፈርመው የራሳቸውን ውድድር ጀመሩ። ወንዶች ብዙ እጥፍ ይከፈላቸው ስለነበር ነው። ከዘጠኙ አንዷ ቢሊ ጂን ኪንግ በ1973 የሴቶች ቴኒስ ማኅበርን መሠረተች። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኦፕን እኩል ከፈለ። ዊምብልደን እኩል እስኪከፍል ግን 2007 ደረሰ። 34 ዓመት! እትዬ ይሄን ሲሰሙ ከጀበናው በረካውን ቀዱልኝና «ለዚያች ለኪንግ የምትባለው ዱአ እናድርግላት» አሉ። የወሎ በረካ ያለ ምርቃት አይጠጣም። አደረጉላት።

እዚህ ደሴ ላይ ያን ውድድር ብናደርገው ምን ይመስላል? ይቺን እንደ ጨዋታ ጠየቁኝ፤ መልሱ ግን ቁምነገር አለው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ ትበራለች። የሚይዛት የለም። ከባሕር ወለል ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ፣ ለከፍታ የተሠራ ኳስ አለ። ኮምቦልቻም ከዚያ በላይ ናት። ደሴማ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። በዓለም ሴቶች ውድድር ውስጥ ደሴን የምትመስለው ቦጎታ ናት፣ 2,600 ሜትር ገደማ። እዚያ የሚጫወቱት በቀይ አፈር ሜዳ ነው፤ አፈሩ ኳሷን ትንሽ ያቀዘቅዛታል። ሆኖም ከባሕር ዳርቻ አገር የምትመጣ ተጫዋች በመጀመሪያው ቀን ኳሷ ከመስመር ውጭ እየሄደች ታብዳለች። ትንፋሿም አይበቃትም። የአዝዋ ገደልን ዳገት እየወጣች ያደገች ልጅ ግን አትደነግጥም።

ለማየት ለምትፈልጉ ሰዓቱን ልንገራችሁ። የሴቶች ፍጻሜ በአራቱም ቅዳሜ ነው። የአውስትራሊያው ጥር ላይ ነው፣ በኛ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ። በቀን የሚካሄዱትን የመጀመሪያ ዙሮች ለማየት ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት መነሳት ነው፤ እኔ አልሞክረውም። የፈረንሳዩ ፍጻሜ ግንቦት መጨረሻ አካባቢ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። ዊምብልደን ሐምሌ መጀመሪያ፣ ከምሽቱ 12። የአሜሪካው ጳጉሜን አካባቢ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት።

«በአምስት ሰዓት ቡና አልጠጣም፣ እንቅልፍ ይነሳኛል» አሉ እትዬ። ሻይ እናፈላለን አልኳቸው።

ሰፌዱን ሊያነሱ ሲሉ ፍጻሜ ላይ የቀረችውን አንዷን ፍሬ በሁለት ጣታቸው አነሷት። መብራቱ ላይ አዟዙረው አዩአት። ከ16ቱ አራቱ ሲዶች ውስጥ አልነበረችም። እጣ አውጥተን ነበር ያሸነፈቻቸው፣ ቀጭን፣ አንድ ጎኗ የተጎረደች ናት።

«ይቺ መለቀም ነበረባት» አሉ። ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ቆርቆሮው ውስጥ ጣሏትና ክዳኑን ገጠሙት።